አባቴ ሽቅብ አይጭንም

ዛሬ ጠዋት አባቴ እናቴን ካውያ ስትሰካ እጅ ከፍንጅ ያዛት። ወፍ ሳይንጫጫ ተነስታ፣ በባዶ እግሯ እየዳበሰች ወጥ ቤት ገብታ፣ ሸሚዜን ልትተኩስልኝ ነበር። አንገትጌውን ጨርሳ ወደ እጅጌው ልትሻገር ስትል ቆጣሪው ጣለና ቤቱ ድርግም አለ። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የተሰማው የአባቴ ድምፅ ነው። «የመኪናዋን ቁርስ ማን ነው የነጠቃት?» አለ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ካውያው ግን እርጥቡ ሸሚዜ ላይ ጢስስ ብሎ እናቴን አጋለጣት።

በእኛ ቤት ቆጣሪው ሁለት አይሸከምም፤ አንዱ ሲሰካ ሌላው ይነቀላል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ፣ የልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ታድራለች። ከእሷ የሚነሳው ቀይ ገመድ በመስኮት ገብቶ፣ በአክስቴ አልጋ ላይ ተሻግሮ፣ በቁም ሣጥኑ ጀርባ ሹልክ ብሎ ወጥ ቤት ካለችው ደህና ሶኬት ላይ ያርፋል። ፍሪጁ ያቺን ሶኬት ለመኪናዋ ከለቀቀ ወዲህ ከሥራ ተሰናብቶ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል፤ እኔ ጫማዬን የማወጣው ከአትክልት መሳቢያው ነው። ፍሪጁ ጡረታ የወጣ ዕለት እናቴ አባቴን ማናገር አቆመች። ስድብ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ብቻ የምትለውን ሁሉ በእኔ በኩል ትልካለች። «ለአባትሽ ንገሪው፣ ራት ቀርቧል» ትላለች፤ አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ እየሰማ እነግረዋለሁ። እሱም «ለእናትሽ ንገሪያት፣ መጣሁ» ይላል። ስልክ አገናኝ ሆኛለሁ፣ ደመወዙ ብቻ ነው የቀረኝ። የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ መኪናዋን መኪና ብላት አታውቅም፤ የእናቴ ጣውንት ናት ብላ ስም አውጥታላታለች። ጠዋት ጠዋት ገመዱን ከትራሷ ላይ እንደ እባብ በሁለት ጣቷ አንስታ «ጣውንቷ ጠገበች?» ትላለች።

ዛሬ ጣውንቷ አልጠገበችም። አባቴ ቆጣሪውን መልሶ፣ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ የባትሪዋን ቁጥር አይቶ ሲመጣ ፊቱ ተንጠልጥሎ ነበር። በአንድ እጅጌ ምክንያት ስንት መንገደኛ እንደቀረበት ለእናቴ እንድነግራት አዘዘኝ። እናቴም እጅጌው የገዛ ልጁ መሆኑን ለአባቴ እንድነግረው አዘዘችኝ። ሁለቱንም ነገርኩና አንገቱ የተተኮሰ፣ እጁ የተጨማደደ ሸሚዜን ለበስኩ። ከላይ ሲያዩኝ ሙሽራ፣ ከጎን ሲያዩኝ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው መሰልኩ።

ለነገሩ ሸሚዙ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ የማታ ትምህርት ምዝገባ የሚዘጋበት ቀን ነው። ቀደም ብዬ ብቻዬን ሄጄ ነበር፤ ወላጅ ፊቴ ካልቆመ አልመዘግብም ብላ መዝጋቢዋ መለሰችኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ደግሞ ማደያ በር ላይ ነው። አባቴ ያኔ ቤንዚን የምትጠጣ አሮጌ ታክሲ ነበረችው፤ ነዳጅ ሲጠፋ እሱ በቀረችው ጠብታ ይሠራል፣ እኔ ጀሪካን ይዤ ሰልፍ እይዝለታለሁ። መጀመሪያ ለአንድ ቀን ነው ተባለ። ከዚያ ለሳምንቱ ሆነ። ከዚያ ሰልፉ ክፍሌ ሆኖ ቀረ፤ ከፊቴ የሚሰለፈው የዳቦ መኪና ሹፌር ማካፈል አስተማረኝ፣ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ደግሞ ቦታ ሊቀማ ለመጣ ሰው የሚመለስ ስድብ አስተማረችኝ። ሁለተኛው ትምህርት ይበልጥ ገብቶኛል። አንድ ማታ ጀሪካኑን ባዶውን ይዤ ስመለስ አባቴ አየኝና «ከነዳጅ የተገላገልን ዕለት ትመለሻለሽ» አለኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።» የወለዱት እኔ ስለሆንኩ ተረቱ ብዙም አልተመቸኝም፤ ቢሆንም ቃሉን ቆልፌ ያዝኩ።

እና ከነዳጅ ተገላገልን። አሮጌዋ ታክሲ ሄደች፣ የኤሌክትሪኳ መጣች። ሻጩ እንደ ዶሮ ቤትህ ትመግባታለህ፣ ሰልፍ አታይ፣ ዘይት አትቀይር፣ ድምፅ እንኳ አትሰማ ብሎ ነው ያስረከበው። ድምፅ አለመኖሩ እውነት ነው። ባትሪዋ ግን ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ያስረጃት ናት፤ ጠዋት ትሞላለች፣ ከሰዓት ትደክማለች። አክስቴ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ዘጋችው። አባቴ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ከገበያ ማዶ ያለውን ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ተአምር አየ። ከመሪው ፊት ያለው የባትሪ ቁጥር ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ። አንዲት ፐርሰንት ናት የጨመረችው፤ እሱ ግን የሞተ ዘመዱ የተነሳለት ያህል ቤት ድረስ እየሳቀ መጣ። መኪናዋ ስትወርድ ራሷን ትሞላለች። ድሮም ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ እየተንሸራተተ ቤንዚን የሚቆጥብ ሰው ነውና፣ ይህን ሲያውቅ ዕድሜ ልኩን የጠረጠረውን ነገር ሳይንስ ያረጋገጠለት መሰለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽቅብ የሚሄድ ሰው አይጭንም። ዳገት የሚወጣ ሰው ካየ ምን አንቀዥቀዠው ብሎ ያማዋል። ማታ ማታ እንዴት ትመለሳለህ ሲሉት፣ በዙሪያው መንገድ ቀስ ብዬ ነው የምመለሰው፣ ዳገቱ ሳይሰማ፣ ይላል።

ጠዋት ስንነሳ የተስማማነው ይኸው ነበር። ቤታችን ያለው ዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አናቱ ላይ፣ ገበያው እግሩ ሥር። መጀመሪያ እየጫንን ወደ ታች እንወርዳለን፣ እየወረድን እንሞላለን፣ በሞላነው ከሰዓት ትምህርት ቤት እንወጣለን። አባቴ ሲያስረዳኝ ጣቱን በአየር ላይ እንደ ማንሸራተቻ ወደ ታች እያወረደ ነበር፤ ጣቱ ተመልሶ ሲወጣ ግን አላየሁም።

መጀመሪያ እጁን የዘረጋው አንድ ከሲታ ጎረምሳ ነው። ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ዋጋም አልተከራከረም። አባቴ ከላይ እስከ ታች አየውና ብቻውን መሆኑን ጠየቀው። ብቻዬን ነኝ ሲል፣ ሌላ ሰው ፈልገህ ተዳብላችሁ ኑ ብሎ ትቶት ሄደ። ምክንያቱም አባቴ ተአምሩን ካጠና በኋላ አንድ ነገር ደርሶበታል፤ የተጫነው ሰው በከበደ ቁጥር ቁልቁለቱ ላይ የሚገባው ፐርሰንት ይበዛል። እኔንም አልፎ አልፎ የሚያስከትለኝ ለክብደት ነው። እንጀራ አባቴ ሳይሆን የወለደኝ አባቴ፣ በየጊዜው ክንዴን ጨበጥ አድርጎ «ብይ እንጂ» የሚለኝ ለጤናዬ አስቦ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው መንገደኛ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው፤ ሚስማር የሞላባቸው ጆንያዎች ከጎኑ ተደርድረው፣ ታክሲ ሁሉ አይቶ እያለፈው ላቡን ይጠርጋል። አባቴ ፍሬን ይዞ ወረደና ራሱ ጆንያዎቹን ይሸከም ጀመር። ሌላ ዕቃ የለህም ወይ ብሎ ጠየቀው። ነጋዴው ግራ ገብቶት ለዕቃው የሚከፈለው ስንት ነው ሲለው፣ ለሚስማሩ አላስከፍልም አለው። ሰው ነገሩን ሲያቀልሉለት ይሸሻል፤ ነጋዴው ሌባ እጅ የወደቀ መስሎት አንዱን ጆንያ እንደ ሕፃን እቅፍ አድርጎ ከኋላ ተቀመጠ። መስኮት ልክፈት ሲል የመስኮቱ ቁልፍ ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነገርኩት። ማራገቢያው? እሱም ይበላል። ሦስታችንም እንደ ድንች ተቀቀልን።

ትልቁ መታጠፊያ ላይ ቁጥሩ ጨመረ። አባቴ ከደስታው ብዛት ወደ ኋላ ዞሮ ነጋዴውን አመሰገነው።

«አየኸው? ያንተ ነው ይሄ።»

«ምኑ?» አለ ነጋዴው።

«ፐርሰንቱ።»

ሰውየው ጆንያውን ይበልጥ አጥብቆ ያዘና ሱቄ እዚህ ነው፣ አውርደኝ አለ። አባቴ ትንሽ እንውረድ ብሎ ለመነው። ሱቁ ቀረ፣ የሱቁ ጎረቤት ቀረ፣ የሰውየው ሚስት በር ላይ ቆማ ሲያልፍ እያየችው በዓይኗ ሸኘችው። ቁልቁለቱ ያለቀው ገበያው ሥር ነው፤ እዚያ ስናወርደው ከነሚስማሩ ሽቅብ የሚመለስበት ጋሪ ሲፈልግ ቀረ። ሂሳብ አልከፈለም። እኔ ብሆን እርግማንም እጨምርበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ አይሞላም፣ ይበላል እንጂ። ገበያውን እየዞርን ቁልቁል የሚባል ነገር ፈለግን፤ ከከተማችን በታች ደግሞ ወንዝ ብቻ ነው ያለው። ፀሐይዋ አናታችንን አልፋ ስታዘነብል አንድ የጫማ ጠጋኝ ጥላ ሥር ቆመን ደረቅ ዳቦ በላን። አባቴ ወፍራም ሰው ይጠብቃል፤ እኔ አባቴን እጠብቃለሁ። ቢሮው ሊዘጋ ነው አልኩት። እሰማሻለሁ አለ። ዳቦውን ሲያኝክ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ ግን ቁጥሯ ላይ ተተክሏል። ያቺን ሰዓት አሳምሬ አውቃታለሁ፤ ማደያው በር ላይ «ዛሬ አልቋል» ሊባል ሲል ሰው ሁሉ ዓይኑን እንዲህ ነው የሚተክለው። ዛሬ ካለፈኝ የሚቀጥለው ምዝገባ እስኪመጣ አክስቴ ባል ትፈልግልኛለች፤ ከአሁኑ በር ላይ የሚያልፈውን ጎረምሳ በዓይኗ መመዘን ጀምራለች።

«አባዬ» አልኩት። «የተናገሩት ነው የወለዱት፣ የሚጠፋው?»

ማኘኩን አቆመ። የቀረውን ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠና መሪውን ያዘ። በዙሪያው መንገድ አልሄደም። ፊት ለፊቱን፣ ዳገቱን ተንደርድሮ ገባበት።

እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ ያኮራ ነበር። ከዚያ ግን ቁጥሩ እንደ በጋ ጤዛ ይረግፍ ጀመር። አባቴ መጀመሪያ ያራገፈው ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን ነው፤ ከነጎማ ማንሻው አንድ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ዘንድ አደራ አስቀመጠ። ጥቂት እንደወጣን ምንጣፎቹን። ጥቂት እንደወጣን ከመሳቢያው ውስጥ የተጠራቀሙ ሳንቲሞችን ኪሴ ውስጥ አስገባና አየኝ። ኪሴን አይደለም ያየው፤ እኔን ነው።

«ያው ወጣት ነሽ» አለ። «ትንሽ ብቻ ከጎኗ ሁኚ። እንዳልሄድሽ አድርገሽ አትቁጠሪው።»

ወረድኩ። እናም አባቴ እኔን ትምህርት ቤት ለማድረስ ባዶ መኪናውን እየነዳ ዳገቱን ሲወጣ፣ እኔ ከጎኑ በእግሬ ወጣሁ። በመስኮቱ እያወራን ነው፤ መስኮቱን ለዚሁ ሲል ከፍቶታል። ድካም እንዳይሰማኝ ስለ ልጅነቱ ያወራኛል፤ እሱም በእግሩ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ ከጎኑ ግን መኪና አልነበረም። በረንዳ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ልጅቷ ምን አድርጋው ነው ብለው ከንፈር መጠጡልኝ። አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አንስቶ አስቆመን። መኪናው ተበላሽቷል ወይ አለ። አልተበላሸም አለው አባቴ። ልጅቷ ማን ናት? ልጄ ናት። ታዲያ ወዴት ናችሁ?

«ትምህርት ቤት ላደርሳት ነው» አለ አባቴ።

ትራፊኩ ባዶውን ወንበር አየ፤ ከዚያ ላቤን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ በሰላም ነው?» አለኝ። በሰላም ነው፣ እየሸኘኝ ነው አልኩት። የሚከስበት አንቀጽ በልቡ ፈልጎ አጣና እጁን አውለበለበልን።

መጨረሻ ላይ መኪናዋ ከእኔ ቀርፋፋ ሆነች፤ ቀድሜያት ሮጥኩ። መዝጋቢዋን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት፤ ቢሮዋን ቆልፋ፣ ትልቁን መዝገብ ከነቦርሳዋ ታቅፋ፣ ከዘበኛው ጋር ስለ አውቶቡስ ሰልፍ እያማረረች። ግዙፍ ሴት ናት፤ በሩን በሙሉ ይዛዋለች። ከባለፈው አስታውሳኝ እንደሆነ አላውቅም፣ አሁን ግን የሸሚዜን አንገት አይታ ፈገግ አለች፣ እጅጌውን አይታ ተወችው። ወላጅሽስ አለችኝ። እየመጣ ነው አልኩ፤ ያቺ ነጭ መኪና ናት፣ ታች መታጠፊያው ላይ።

ዘበኛው ዓይኑን በእጁ ከልሎ አየ። «ቆማለች እኮ።»

«አልቆመችም፤ እየቆጠበች ነው» አልኩት።

ቆማ ነበር። ቁልቁል በርሬ ስደርስ አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ የሞት አልጋ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው ቁጥሩን ያያል። አንድ ፐርሰንት ትላለች። ና ውረድ፣ ቅርብ ነው አልኩት። ካጠፋኋት አትነሳም፣ ሳላጠፋት ከወረድኩ ታልቅብኛለች አለኝ። ሴትዮዋ ትምጣ አለ። እሷን ማምጣት ይከብዳል እንጂ ሌላው ቀላል ነው። ሽቅብ ሮጥኩ፤ ሳንባዬ ከእኔ በኋላ ደረሰ። ወላጅ ወደ መዝጋቢ ይመጣል እንጂ መዝጋቢ ወደ ወላጅ ሲሄድ ሰምቼ አላውቅም ብላ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ሄደች ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው ምን እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ቤቷ የት እንደሆነ የጠየቅኳት።

«ታች ነው፤ ከድልድዩ ወዲህ።» የእኛው ሰፈር አጠገብ ነው።

የአባቴ ልጅ አይደለሁ? ከላይ እስከ ታች አየኋት።

«አባቴ ደጅዎ ድረስ ያደርስዎታል፤ ሂሳብ የለውም» አልኳት። «መዝገቡም ይምጣ። ከባድ ነው?»

«ወገቤን ቆርጦታል።»

«ጥሩ» አልኩ።

አባቴ ሴትዮዋ መዝገቧን ታቅፋ ከዘበኛው ጋር ስትወርድ ሲያይ የፊቱ ብርሃን የኋላ መብራት ይወጣው ነበር። በሩን ከፈተላት፣ ወንበሩን በክንዱ ጠረገላት። እኔና ዘበኛው እየገፋን የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ታች አዞርናት፤ እኔም ዘልዬ ገባሁ፣ አሁን ክብደት ነኝና። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንደረደረች። መዝጋቢዋ መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በየጉድጓዱ እስክሪብቶዋ እየዘለለ፣ ስሜን ጻፈች፣ ዕድሜዬን ጻፈች፣ እስከ ስንተኛ እንደተማርኩ ጻፈች። ከዚያ ትምህርት ያቋረጠችበት ምክንያት ብላ አባቴን ጠየቀችው።

እኔ በሽታ ይላል ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ በሽታ ነው የሚለው። መኪናው ውስጥ የጎማው ሹክሹክታ ብቻ ቀረ። የኤሌክትሪክ መኪና መጥፎነቱ ይሄ ነው፣ ዝምታህን የምትደብቅበት ሞተር የለውም።

«ነዳጅ ሰልፍ እንድትይዝልኝ ያስወጣኋት እኔ ነኝ» አለ። «እሷ ጎበዝ ነበረች።»

ቁጥሩ አንድ ጨመረ። ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። እኔ አየሁ፤ እሱ አላየም፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። መዝጋቢዋ ነዳጅ ሰልፍ የሚል መስመር የላትም፤ የቤተሰብ ችግር ብላ ጻፈችው። ደጇ ስንደርስ መዝገቡን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀምጣ አስፈረመችውና፣ ማታ ማታ ክፍሎቹን ቆልፋ የምትወጣው እሷ መሆኗን፣ አውቶቡስ ግን እንደማይኖር አወራችው። አባቴ ወዲያው ዋጋ ሳይጠራ ተዋዋለ፤ በየማታው እሷንና እኔን ያወርደናል። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በመኪና ነው አለኝ ኩራት ኩራት እያለው።

«ስሄድስ?»

«ስትሄጂማ መኪናዋ ባዶዋን ነው የምትወጣው፤ ይከብዳታል እኮ። አንቺ ከጎኗ ትሆኛለሽ።»

ቤት ስንገባ አመሻሽ ነበር። አክስቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጣውንቷ ምን በላች ብላ ጠየቀች፤ አንዲት ወፍራም መዝጋቢ አልኳትና አልገባትም። እናቴ ስለ ምዝገባው አልጠየቀችም፤ ሸሚዜን አውልቄ እንድሰጣት ብቻ እጇን ዘረጋች፣ በላብ ርሶ እንደ ቆዳ ተጣብቆብኝ ነበር። ነገ ማታ ትገባለች፣ ክፍል ተሰጥቷታል አለ አባቴ፤ ለማን እንደሚናገር ሳይለይ፣ ወደ ግድግዳው። እናቴ ሸሚዙን አጥባ፣ ጨምቃ፣ ካውያውን አንስታ ሶኬቱ ፊት ቆመች። ቀዩ ገመድ ተሰክቶ ነበር። ተያዩ። በእኔ በኩል የሚላክ ነገር ካለ ብዬ መሐላቸው ቆምኩ፤ ምንም አልተላከም።

አባቴ ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ገመድ ነቀለው። አላስቀመጠውም፤ መሰኪያውን እንደ ታመመ ልጅ እጅ ጨብጦ፣ እናቴ ስትተኩስ አጠገቧ ቆሞ ጠበቀ። አንገትጌውን ጨረሰች። አንዱን እጅጌ ጨረሰች። ወደ ሌላው ስታልፍ አባቴ፣ ፍሪጁ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቷን እያየ ተናገራት።

«የመጀመሪያውን ድገሚው። ጫፉ ላይ ጭምድድ ብሏል።»

እናቴ ካውያውን መልሳ በእጅጌው ጫፍ ላይ አስኬደች፤ ቀስ ብላ፣ ኤሌክትሪኩ የማያልቅ ይመስል። ከዚያ ቀና ሳትል፦

«ለአባትሽ ንገሪው» አለችኝ፤ «ሰምቻለሁ በይው።»